ለክላክስ የተገዛ ቻርጀር

የአባቴ ሞተር ያለ ባትሪም ይነሳል። በእግር ሁለቴ ሦስቴ ሲረግጡት ያስልና ይንደቀደቃል። ባትሪ የሚፈልጉት መብራቱና ክላክሱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለክላክስ ብለን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ቻርጀር ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ስንዞር ያየን ሰው ሁሉ ቢስቅብን አልፈርድበትም። አንድ የማውቀው ባጃጅ ነጂ፣ በቀን ለምትሄዱት መንገድ መብራትና ክላክስ ምን ያደርግላችኋል ብሎ አፌዘብን። እውነቱን ነው፤ እኔም ይህንኑ ለአባባ ነግሬ ነግሬ ምላሴ ደርቋል። አባባ ግን አንዴ ካለ አለ ነው። ክላክስ በሌለው ሞተር ወደ አምባሰል አልወጣም አለ፤ በቃ።

ለምን እንዳለ እንዲገባችሁ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

አባባ ከመንግሥት ሥራ እስኪወጣ ድረስ ከብት ሲከትብ የኖረ ሰው ነው። ጠዋት ከሐይቅ ይነሳል፤ በአስፋልቱ ውጫሌ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ደጋው የሚወጣውን ኮረኮንች ይይዛል። የክትባቱ መድኃኒት በረዶ በተሞላ ሳጥን ከኋላው ይታሰራል። ትምህርት ሲዘጋ እኔንም ይወስደኝ ነበር። በሱ ጀርባና በሳጥኑ መካከል ተጣብቄ እቀመጣለሁ፤ ጀርባዬ በበረዶው ይቀዘቅዛል፣ ደረቴ በሱ ይሞቃል። ጃኬቱ ቤንዚንና በረት ይሸታል። ዛሬም ያ ሽታ ድንገት መንገድ ላይ ሲያጋጥመኝ ወላሂ አንዳንዴ ቆም እላለሁ። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ወላሂ ይላል፣ እንዳይገርማችሁ።

ያኔ ሞተሩ የሚደርሰው እስከ አንድ መታጠፊያ ድረስ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው አቀበት ለእግርና ለበቅሎ እንጂ ለጎማ አልተፈጠረም። አባባ መታጠፊያው ላይ ሞተሩን ያቆምና ክላክሱን ሦስት ጊዜ ይነፋል። ቀና ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ ከላይ፣ ከቁልቋሉ ማዶ፣ "መጣሁ ዶክተሬ!" የሚል ድምፅ ይሰማል። ለገጠሩ ሰው መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ረጅም ገበሬ በቅሎ እየሳበ ቁልቁል ይመጣል። ሲወርድ በአምባሰል ቅኝት ያንጎራጉራል፤ ግጥም የለውም፣ ዜማው ብቻ ነው። ሳጥኑን ይጭናል፣ እኔን ከሳጥኑ ኋላ ይሰቅለኛል፣ ከዚያ ሁለቱ ሰዎች እየተተራረቡ በእግራቸው ይወጣሉ። ከብቱ ሁሉ የሚሰበሰበው በዚህ ሰው ደጅ ነበር፤ የምናድረውም እሱው ቤት ነው።

እነሱ ሙስሊም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን። ሥጋ ሊያበላን ሲፈልግ ከታች ያለውን ክርስቲያን ጎረቤቱን ጠርቶ ዶሮዋን ያሳርድልናል። የምትሠራበት ድስት ለብቻው ተሰቅሎ የሚቀመጥ ነበር፤ የዶክተር ድስት ይሉታል፤ ሌላ ነገር አይሠራበትም። ባለቤቱ ወጡን ለኛ ታቀርባለች፣ እሱ አጠገባችን ቁጭ ብሎ ሽሮውን ይበላል፣ የኔው ይጣፍጣል እያለ አባባን ያበሽቀዋል። ልጅ ሆኜ ይህ ነገር የዓለም ሕግ ይመስለኝ ነበር። ሰው ሁሉ ቤቱ ውስጥ የሌላ ሰው ድስት ያለው ይመስለኝ ነበር።

ኋላ ስልክ መጣ። አባባ ግን ለወዳጁ መምጣቱን ለመንገር አንድም ቀን ደውሎለት አያውቅም፤ ክላክሱ እያለ ለምን ይለፋል? ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ አሮጌዎቹን ሞተሮች በጨረታ ሲሸጥ ያንኑ ሞተሩን ገዛና፣ የሚከትበው ከብት ሳይኖረው፣ እንዲሁ ለመጠየቅ መመላለሱን ቀጠለ። መታጠፊያው ላይ ይነፋል፤ ሰውዬው በቅሎውን ይዞ ይወርዳል። የሚጫን ሳጥን የለም እኮ! ቢሆንም ይወርዳል። ጉልበቱ መክዳት ሲጀምር ነው አባባ መንገዱን እያሳነሰ የመጣው፤ ሞተሩም ሸራ ለብሶ ጓሮ ቀረ።

ዘንድሮ አባባ ታመመና ደሴ ኦፕራሲዮን ሆነ። እሱ ተኝቶ ሳለ ወዳጁ ሞተ። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ብለን ሁላችንም ደበቅነው። ቤት ገብቶ በደንብ መቆም ከጀመረ በኋላ የሰፈር ሽማግሌዎች ማለዳ መጥተው አረዱት። እናቴ ከጓዳ ሆና እሪ አለች። አባባ አላለቀሰም፤ ያስፈራን እሱ ነው። ማን እንደቀበረው ጠየቀ። አገር ሁሉ ወጥቶ ቀብሮታል አሉት።

"እኔ አልቀበርኩትማ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሰውዬው በሕይወት እንዳለ ሰው ያወራ ጀመር። ዝናቡ ሲያቆም በቅሎውን ሊለውጥ ይችላል፣ አርጅታለች ይላል። ጤፍ ዘንድሮ አይዘራም፣ ማሽላ ነው የሚያደርገው ይላል። እህቴ ደንግጣ ታየኛለች፣ እኔ አንገቴን እደፋለሁ። የሀዘን እንባ ያልወጣለት ሰው ይታመማል ትላለች እናቴ፤ ገና ከበሽታ የተነሳ ሽማግሌ ዳግመኛ ሊወድቅብን ነው ብለን ፈራን። በዚህ መሃል የሟቹ ባለቤት መልእክት ላከች፦ ለሟቹ የሚወጣው ሰደቃ ሐሙስ ነው፤ የዶክተር ድስት ታጥቦ ይጠብቀዋል። አባባ ይህን ሲሰማ ከአልጋው ተነስቶ ጫማውን ፈለገ። በሞተር እንሄዳለን፣ ክላክሱ ይሠራ አለ።

ባትሪው ተቀምጦ ተቀምጦ ደርቆ ነበር። አዲስ እንግዛ ብል አባባ ተቆጣ፤ ያላረጀ ባትሪ ነው፣ ውሃና ምግብ ነው ያጣው፣ ሳይሞት አትቅበረው አለኝ። ታዲያ ጋራዥ ወስደን ቻርጅ እናስደርገው አልኩ። እሱንም እንቢ አለ፤ ድሮ አንዱን ባትሪ ከጭነት መኪና ባትሪዎች ጋር ደርድረው ቢያስሩት ጎኑ እንደተነፋ በግ ሆኖ ተመልሶለታል። እንግዲህ የራሳችን ቻርጀር ያስፈልገን ነበር።

ሱቁ የገባነው ሦስት ሆነን ነው፤ አባባ፣ እኔና ከዓረብ ሀገር ከተመለሰች ዓመት ያልሞላት ታናሽ እህቴ። በረሃ ቆይታ የመጣችው እህቴ ዕቃ ሁሉ በትልቁ ካልሆነ አይጥማትም። ባለሱቁ ሦስት ቻርጀር ደረደረልን። አንዱ ትልቅ ነው፤ መርፌ የሚወዛወዝበት መስኮት አለው፣ የአይሱዙ ባትሪ የሚሞላ ነው። ሁለተኛው ቀለል ያለ፣ ምንም ያልተጻፈበት። ሦስተኛው መዳፍ የምታህል ትንሽ፤ ሲሞላ ቀይ ያበራል፣ ሲጠግብ አረንጓዴ ሆኖ ራሱ ያቆማል።

እህቴ ወዲያው ትልቁን ያዘች። "መብራት እኛ አገር እንግዳ ነው፤ በመጣ ሰዓት ቶሎ አብልቶ መሸኘት ነው" አለች። ባለሱቁ ሳቀና ደገፋት። እኔም፣ ምን እላለሁ፣ ሐሙስ እየደረሰ ነውና ትልቁ ይሁን አልኩ። ማንኛችንም ከመብራቱ ሌላ ያሰብነው አልነበረም። አባባ ትልቁን በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ መዘነውና መልሶ አስቀመጠው። በበሬ መርፌ ጥጃ አይወጋም አለ። ሁለተኛውን ገልብጦ አየው፤ ምን ያህል እንደሚሰጥ የማይናገር መድኃኒት አልወስድም ብሎ ገፋው። ትንሿን አነሳ። ባለሱቁ፣ አባት እሷ ቀርፋፋ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ትፈጅብዎታለች ብሎ አስጠነቀቀው። ቀስ ብሎ የጠጣ ከብት ሆዱ አይነፋም አለና አባባ ኪሱ ውስጥ ጨመራት። የሄደበትን ነገር እንዲህ ሲያውቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ፤ ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም።

የባትሪውን ክዳኖች ከፍተን፣ ውሃውን ሞልተን፣ በረንዳ ላይ ሰካነው። ቀይ በራ። እህቴ እሰይ ከማለቷ መብራት ሄደ። ሲመጣ ቀይ ይበራል፣ ሲሄድ ይጠፋል፤ እንዲህ ሲሆን ሰነበተ። አባባ ወንበሩን አስጠግቶ ይቀመጣል፤ ጥቂት በጥቂት መዳፉን ባትሪው ጎን ላይ ያሳርፋል፣ የታመመች ላም ጆሮ እንደሚዳስስ። ትኩሳት የላትም ይለናል። እህቴ፣ ትልቁን ገዝተን ቢሆን ይሄኔ እያለች ትነተርከኛለች፣ እኔ የገዛሁ ይመስል! ማክሰኞ አለፈ። ረቡዕ ከሰዓት መብራቱ መጥቶ አልሄድ አለ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አረንጓዴዋ ቦግ አለች። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ባትሪውን ሞተሩ ላይ አስሬ ክላክሱን ልሞክር ስል አባባ እጄን ያዘው። እዚህ አይነፋም አለ። ባይሠራስ? አልኩት። የሚሰማው ሰው እዚህ አይደለም አለኝ። ምን ዓይነት ግትር ሰው ነው ብዬ እየተብከነከንኩ ገባሁ። ያን ሁሉ ቀን ጠብቀን እዚያ ሄዶ ዝም ቢልስ? ስገላበጥ አደርኩ።

ሐሙስ ጠዋት ወጣን። አሁን እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ነው፤ ጋቢውን ከባርኔጣው በላይ ተከናንቦ ወገቤን ይዟል። እጆቹ ቀለውብኛል። ሐይቁ ላይ ጭጋግ አለ፤ ታንኳዎቹ ገና ዳር ናቸው። ውጫሌን አልፈን ወደ ደጋው ስንታጠፍ መንገዱ ያ የማውቀው አልሆነም። ዓረብ ሀገር ያሉ ልጆች ያሠሯቸው ቆርቆሮ ቤቶች ግራና ቀኝ ያብረቀርቃሉ፤ ኮረኮንቹም ተጠርጎ፣ ሰፍቶ፣ እስከ መንደሩ ድረስ ወጥቷል። መታጠፊያው ጋ የሚያቆም ምንም ነገር አልነበረም። ልሻገረው ስል ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

ወረደ። ጋቢውን አስተካከለ። አሮጌው የእግር መንገድ አሁንም በቁልቋሉ መካከል ወደ ላይ ይታያል፣ ሣር በቅሎበታል። አባባ ጎንበስ ብሎ ክላክሱን ተጫነ። ጮኸ! ያ የልጅነቴ ድምፅ ራሱ ነው፣ ያው ድሮ የሰማሁት፣ ምንም አላረጀ። ሦስት ጊዜ ነፋና ቀና ብሎ ወደ ላይ ጠበቀ። እኔም ሳላስበው ጠበቅኩ። ውሻ ጮኸ። ሁለት ሴቶች ከላይ ብቅ ብለው አዩንና ተመለሱ። ዓይኖቹ ከቁልቋሉ አልተነሱም። እንደገና ጎንበስ ብሎ ሦስት ጊዜ ነፋ፤ ይኸኛው ረዘም ያለ ነበር። ተራራው መለሰለት፣ ከዚያ ያም ዝም አለ።

እጁን ከክላክሱ አነሳ። ባርኔጣውን አወለቀ።

"አልመጣም" አለ። ቆየና፣ "አሁን ቀበርኩት።"

ከዚያ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ፤ ወንድሜን፣ ወንድሜን እያለ፣ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ። እኔም አለቀስኩ። እንባው ሲያባራለት ፊቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ሞተሩ እዚሁ ይቁም አለ። አዲሱ መንገድ እያለልን በአሮጌው በእግር ወጣን፤ የምንሸከመው ሳጥን አልነበረንም፣ እሱ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ።