ጀሪካኑን ሁለት ጊዜ ያወጣሁበት ቀን

ልጄ ፊርዶስ ሰሞኑን ትንቢት ተናጋሪ ሆናብኛለች፤ አስተግፊሩላህ። ከአሱር ሶላት በኋላ ስልኳን ትራስ ላይ ታስደግፍና የአሜሪካኖቹን ኳስ ትከፍታለች። ያን እንደ ሎሚ ሁለት ጫፉ ሾል ያለውን፣ በእጅ ይዘውት የሚሮጡትን። የዓመቱ ጨዋታ አልቆ አሁን የእረፍት ጊዜያቸው ነው አለችኝ። በእረፍታቸው ግን አያርፉም። አዳዲሶቹን ጎረምሶች አንድ አዳራሽ ሰብስበው ይፈትኗቸዋል። በቁምጣ አቁመው ቁመታቸውን ይለካሉ፣ ያስሮጧቸዋል፣ ያዘልሏቸዋል፣ ብረት ያሸክሟቸዋል። የየቡድኑ ሰዎች ወንበር ላይ ሆነው ይጽፋሉ። የሚመርጧቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ፊርዶስ ፈተናው ገና ሳይደርስ ግምቷን በደብተር ሞልታዋለች። ይሄ በሩጫ ከሁሉ ይቀድማል፤ ያኛው ሲያዩት ያምራል እንጂ እግሩ ከባድ ነው፤ ይሄን ደግሞ ዛሬ ማንም አያውቀውም፣ ከፈተናው ማግስት ግን ሁሉም ስሙን ይጠራል። አንዱን ባለፈው ዓመት ሲፈትኑት የተቀረጸውን ስታሳየኝ መዳፉን ዘርግተው ከአውራ ጣቱ እስከ ትንሿ ጣቱ ሲለኩት አየሁ።

«ይሄማ ስንዝር ነው» አልኳት።

«አይዋ ኡሚ። ኳርተርባክ ነው፣ ኳሱን ወርዋሪው። ስንዝሩ ካጠረ አይፈልጉትም። ይሄን ሽማግሌውን አየሽው? ቡድኑ አልፈለገውም፤ ግን ውሉ አላለቀም። ወሩ ሳይወጣ ወደ ሌላ ቡድን ይዞራል ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ነቅል ከፋላ ነዋ!» አልኩ። እዚህ ሳውዲ ውስጥ ሠራተኛ ከአንዱ ከፊል፣ ከአንዱ አሠሪ ዋስ ማለት ነው፣ ወደ ሌላው ከፊል የሚዛወርበት ወረቀት ነው። «የድሮው ከፊሉ ፈቀደለት ወይ?»

ፊርዶስ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች። «ኡሚ! ሚሊየነር እኮ ነው!»

«ሚሊየነርም ይሁን። ካለቀቁት አልለቀቁትም።»

ሳቋን ስትጨርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስለ ራሴም ገምቻለሁ» አለችኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ እዚሁ ጅዳ ውስጥ የዚሁ ኳስ የሴት ልጆች ቡድን ምርጫ አለ። ከወገብ ላይ ጨርቅ የሚመነተፍበት፣ መጋጨት የሌለበት ዓይነት ነው ትላለች። ያስሮጧቸዋል፣ ያዘልሏቸዋል፣ ይለኳቸዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለምናኛለች፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ እምቢ ብያለሁ። አባቷ መካ፣ ኩዳይ፣ የሐጃጆች አውቶቡስ ይነዳል፤ በስልክ ስትጠይቀው «እናትሽ ያለችው ነው» ብሎ ተገላገለ። ጉልበቷ ቢወልቅስ? እግሯ ቢሰበር የትኛው ሐኪም ቤት ይቀበለናል? የእኛ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ እንደ ክር የቀጠነ ነው። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ሰዎች ተቀምጠው ልጄን ከላይ እስከ ታች ሲመዝኗት ማየት አልፈልግም። እኔ ተመዝኜ አውቃለሁና።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከወሎ ተነስቼ ጅዳ ስገባ መጀመሪያ በሠራሁበት ቤት ስምንት ወር ቆየሁ። አልመቱኝም፣ አላስራቡኝም። ሲወጡ ግን በሩን ከውጭ ይቆልፉብኝ ነበር። የሚያናግሩኝም በሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ተዓሊ፣ ሩሂ፣ ጂቢ። ነይ፣ ሂጂ፣ አምጪ። በኋላ ወደ ሪያድ ሊዛወሩ ሆነና ማዳም አንድ ቀን ጠዋት «ያላ፣ መክተብ!» አለችኝ። በእኛ አገር መክተብ መርፌ መውጋት ነው። ስለዚህ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ክንዴን አዘጋጅቼ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ለካስ መክተብ በነሱ ቋንቋ ቢሮ ነው። ሠራተኛ የሚያዘዋውሩበት ቢሮ አውርዳኝ ሄደች።

ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ያን ሰሞን ጅዳ በዓመት አንዴ የምታየው ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ሐይቅ ሆኖ ነበር። ሰው ሁሉ ጭቃውን በጫማው ይዞ ስለሚወጣ ደረጃው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሰባት ሴቶች ነን፣ አንዲት ክፍል ውስጥ። ጠዋት ጠዋት ከሕንፃው ሥር ካለው ምድጃ ትኩስ ተሚስ ዳቦ ከፉል ጋር ይመጣልናል። ያን የሚያህል ሰፊ ዳቦ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ትንሽ ልጅ ቢጠቀልሉበት ይበቃል። እስከ ዛሬ ተሚስ ሲሸተኝ ሆዴም ይራባል፣ ልቤም ይፈራል።

ከመካከላችን ትልቋ እታለም ሐዋ ነበረች። ዐሥር ዓመት እዚህ አገር የኖረች፣ ዐረብኛው እንደ ውኃ የሚፈስላት ሴት። ሥራዋ መገመት ነው። ማዳሞቹ ሊመርጡን ሲመጡ የጫማቸውን ኮቴ ከደረጃው ሰምታ ትናገራለች። «ይቺ ወፍራም ናት፣ ሕፃን የሚይዝላት ነው የምትፈልገው፤ አንቺ ተነሺ።» «ይቺ ትቸኩላለች፣ ወጥ ሠሪ ናት የቸገራት።» ሴቶቹ በተሚስ ይወራረዱባት ነበር፤ ከአምስቱ አራቱን ታገኛለች። እኔን ገና እንዳየችኝ ነው የፈረደችብኝ።

«አንቺ ቀጫጫ፣ መካን እርሺው። የመካ ቤት ደረጃው ብዙ ነው፣ ጉልበተኛ ነው የሚፈልጉት። አንቺ ጂዛን ነሽ።»

ጂዛን ሩቅ ደቡብ ነው። እኔ ደግሞ መካ መሄድ ነበረብኝ። እህቴ ረውዳ መካ፣ ዑተይቢያ ውስጥ ትሠራ ነበር። እናታችን ስትሞት እሷ እዚያ ነበረች፣ እኔ አገር ቤት። ሦስት ዓመት ሞላን፤ አልተላቀስንም። በስልክ ማልቀስ ማልቀስ አይደለም፤ መስመሩ ይቆረጣል፣ ካርዱ ያልቃል። አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ካልተላቀሱ ሞቱ አያልቅም፤ እንደ ጉሮሮ አጥንት ተወትፎ ይቀራል። በዚያን ጊዜ ጅዳና መካ የአንድ ሰዓት መንገድ ቢሆንም ያለ ከፊል ፈቃድ ለእኔ ከወሎም ይርቅ ነበር።

በአራተኛው ቀን ኮቴ ተሰማ። ሐዋ ጆሮዋን አቀናች። «ይቺ ሦስተኛው ፎቅ ድረስ አላረፈችም። ደረጃ የለመደች ናት። መካ!»

እውነትም የመካ ሴት ነበረች። ለቢሮው ሙዲር፣ ለኃላፊው፣ ስጦታ አንድ ጀሪካን የዘምዘም ውኃ ይዛ መጥታ ከታች መኪናዋ ውስጥ ትታዋለች። ቤቷ አራት ፎቅ ነው፤ አሮጊት እናቷ ከላይ ናቸው። ሁላችንንም በዓይኗ ለካችን። ክንዳችንን ጨበጥ ጨበጥ አደረገች፣ መዳፋችንን ገልብጣ አየች። ከዚያ ለሙዲሩ አንድ ነገር አለችው፤ ሐዋ ተረጎመች። «ጀሪካኑን ከታች አንስታ መንገድ ላይ ሳታሳርፍ ያወጣችውን ነው የምትወስደው።»

የመጀመሪያዋ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አሳረፈች። ሁለተኛዋ ጭቃው አንሸራትቷት ተመለሰች። እኔ ሳልጠራ ተነሳሁ።

«ቁጭ በይ፣ ወገብሽ ይቀነጠሳል» አለች ሐዋ።

«ይቀንጠስ!»

ሃያ ሊትር ውኃ ምን እንደሆነ ከምንጭ የቀዳ ያውቀዋል። እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ዳገት ላይ ቀድቻለሁ። በእጄ አላንጠለጠልኩትም፤ በነጠላዬ ጀርባዬ ላይ አስሬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ ወጣሁ። አንድም ቦታ አላረፍኩም። ማዳሟ እግር ሥር ሳስቀምጠው ልቤ በጆሮዬ ነበር የሚመታው። ማዳሟ አየችኝ፣ ጀሪካኑን አየች፣ ጥርሷን ሳትገልጥ እንዲህ አለች።

«ሻጥራ።»

ደሜ ፈላ! ሻጥር! ደረጃው ላይ አርፋለች፣ ሰው አግዟታል፣ አጭበርብራለች ማለቷ ነው። ሻጥረኛ አለችኝ! በእኛ ቤት ሌባ ከሚሉህ ሻጥረኛ ቢሉህ ይብሳል። ወላሂ አላሰብኩበትም። ጀሪካኑን መልሼ ጀርባዬ ላይ አደረግሁና ወረድኩ። ሙዲሩ «ወይን? ወይን?» እያለ ይጮኻል፣ ወዴት ነው ማለቱ ነው። ታች ደረስኩ፣ መሬት አስነካሁት፣ እንደገና ወጣሁ። በዚህኛው ላይ ማዳሟም ሐዋም ሌሎቹም ከላይ የደረጃውን ብረት ተደግፈው ቁልቁል ያዩኝ ነበር። ሆን ብዬ፣ ጀሪካኑን ሳላወርድ፣ በመሃል ቆሜ ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እዩኝ፣ ማንም አላገዘኝም።

ጀሪካኑን እግሯ ሥር ደገምኩላትና ያለኝን ዐረብኛ ሁሉ ሰብስቤ ጮህኩ። «አና ማፊ ሻጥራ! ማፊ ሻጥራ!»

መጀመሪያ ሙዲሩ ሳቀ። ቀጥሎ ሐዋ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች፣ እንባዋ እስኪወርድ።

«አንቺ የተረገምሽ! ሻጥራ ማለት እኮ ጎበዝ ማለት ነው! ‹ጎበዝ አይደለሁም› እያልሽ ነው የምትጮኺው!»

ፊቴ ጋለ። ግን የት ልስማው ቃሉን? በስምንት ወር አንድ ቀን አመስግነውኝ ቢሆን አውቀው አልነበር?

ማዳሟም ፈገግ አለችና በጣቷ ጠቆመችኝ፤ እሷን ማለቷ ነው። መካ! ሙዲሩ ወረቀት አወጣ። ሐዋ «ቶሎ ሂጂ፣ ሐሳቧን ሳትቀይር» እያለች ትገፋኛለች። እኔ ግን አልተንቀሳቀስኩም። አንድ ነገር ያዘኝ። ክንዴን ጨብጣለች፣ መዳፌን ገልብጣለች፣ ደረጃ አስወጥታኛለች። እኔስ ስለ እሷ ምን አውቃለሁ? በሩ ከውጭ ከተቆለፈ መካም ጅዳም አንድ ነው። ረውዳ ከመንገዱ ማዶ ብትሆንም አላያትም። በርና ቁልፍ የሚሉትን ቃላት ደግሞ ከሁሉ ቀድሜ ነበር የተማርኳቸው።

«ማዳም፣ ባብ» አልኩ በእጄ እያሳየሁ። «ምፍታሕ፣ በራ? ወላ ጁዋ?» ቁልፉ ከውጭ ነው ከውስጥ?

ሙዲሩ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። «ኸላስ! ይቺ ምላሷ ረጅም ነው። ሌላ ምረጪ።» ሐዋ ነጠላዬን ከኋላ ጎተተችኝ። «ዝም በይ አንቺ፣ እህትሽን ልታጪ ነው!» እኔ ግን ዓይኔን ከማዳሟ ላይ አላነሳሁም። ሐዋን «ጁሙዓ ጁሙዓ እህቴን ማየት እፈልጋለሁ በይልኝ» አልኳት።

«አልልም።»

«በይልኝ እታለም ሐዋ። ካልሽው ጂዛንም ቢሆን እሄዳለሁ።»

አለችልኝ። ማዳሟ የመኪናዋን ቁልፍ ከቦርሳዋ እያወጣች «ጁዋ» አለች። ከውስጥ ነው።

ከሰዓት በኋላ ያ ጥቁር ድንጋይ የሆነው ተራራ በመኪናው መስኮት ግራና ቀኝ ሲያልፍ ትዝ ይለኛል። ማዳሟ በኋላ ቀና ሰው ሆና ተገኘች ብዬ አልዋሽም፤ ትጮኽ ነበር፣ የምበላውን እህል ሳይቀር ትቆጥር ነበር። ግን ቁልፉ ከውስጥ ነበር። በመጀመሪያው ጁሙዓ ዑተይቢያ ወርጄ ረውዳን ከልብስ ሱቆቹ መካከል በምታልፈው ጠባብ መንገድ ላይ አገኘኋት። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጠን ተላቀስን። ጎረቤቱ ሰው የሞተ መስሎት ወጣ፤ የሱዳን ሴት ውኃ አመጣችልን። «ማነው የሞተው?» ሲሉን ረውዳ «እናታችን» አለች። «መቼ?» አሏት። «ዛሬ» አለቻቸው።

ይሄን ሁሉ ለፊርዶስ ትናንት ነገርኳት። ከዚያ በፊት ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ተሸክሜ ተመረጥኩ ማለት ለልጅ የሚነገር አልመሰለኝም ነበር። ስልኳን ደፍታ ሰማችኝ። ሻጥራ ላይ ስደርስ እንደ ሐዋ ሳቀች፣ ረውዳ ላይ ስደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ሐዋ ብዙ ታውቅ ነበር። ክንድና ወገብ አይታ ትፈርዳለች፤ ልጄም እንደዚያው በሰከንድና በስንዝር ትገምታለች። የሚገመተው ግን የሚለካው ብቻ ነው። ያች ቀጫጫ ልጅ አፏን ትከፍታለች ብሎ ማን በተሚስ ይወራረድ ነበር?

ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። እናት ነኝ፣ መቼም አይለቀኝም። ግን እምቢታዬን አነሳሁ።

«ትሄጃለሽ» አልኳት። «እኔም እመጣለሁ፤ ዳር ቆሜ አያለሁ። ሲለኩሽ ቀና በይ። አንቺም ጥያቄሽን ያዢ። የምትጠይቂው ምንድን ነው?»

አሰበች። «እግሬ ቢሰበር ማን ያሳክመኛል ብዬ እጠይቃለሁ» አለች።

ሁለት ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝን እሷም በልቧ ይዛው ኖሯል። የዓይኔን እንባ ዋጥ አደረግሁና እንደ ተቆጣ ሰው ተናገርኳት።

«እኔ የጠየቅሁት ከተሸከምኩ በኋላ ነው። አንቺ ግን መልሱን ሳትሰሚ የጫማሽን ክር እንዳታስሪ!»