ጭቃ የለበሰው ጡብ

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሦስተኛ ክፍል። ጎፋ፣ ፊቱን ወደ አስፋልቱ የሰጠ የቀበሌ ጭቃ ቤት ውስጥ ከእማዬ ጋር ብቻችንን እንኖር ነበር። አባቴ ከሞተ ዓመት ሆኖታል። በዚያ ክረምት ዝናቡ የፊቱን ግድግዳ ከሥሩ ሲበላው ሰንብቶ አንድ ጠዋት ግማሹ ተናደ። አልጋችን ላይ ሆነን መንገደኛውን እናያለን፤ መንገደኛውም እኛን ያየናል። ዛሬም የረጠበ ጭድ ከሸተተኝ ያ ጠዋት ይመጣብኛል።

የቀበሌ ቤት ያደጋችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ያን ጊዜ ሚስማር ለመምታት እንኳ ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። እማዬ ስንት ቀን ተመላልሳ የእድሳት ወረቀት አወጣች። ወረቀቱ ቤቱ «በነበረበት ሁኔታ» ይታደስ ይላል። ጭቃ የነበረው በጭቃ፣ ማለት ነው። ከዚያ ያለፈ ቤቱን ይነጠቃል። እኛ ደግሞ ከዚያ ቤት ብንወጣ የምንገባበት አልነበረንም።

የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ታደሰ፣ ግንበኛ ነበር። የሰው ቪላ ሲገነባ ይውልና ማታ ሳሪስ ወደ ተከራያት አንዲት ክፍል ይገባል። የግድግዳችንን መናድ ሲሰማ የሚሠራበትን ቤት ባለቤት ለመነና ጫፉ የተሸረፈ፣ ከሥራ የተረፈ ጡብ በጋሪ አስጭኖ መጣ።

«ታዴ፣ ወረቀቱ እኮ ጭቃ ነው የሚለው» አለችው እማዬ።

«እትዬ፣ ጭቃ ለከርሞም ይናዳል። ደግሞ ያማረ ነገር ማን ጨክኖ ያፈርሳል?»

ይኼን ሲል ከልቡ ነበር። የተሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

አምስት ቀን ሠራ። ከበሩ ግራና ቀኝ ከግድግዳው ትንሽ ወጣ ያሉ ሁለት ዓምዶች አቆመ። ከበሩ በላይ ቅስት አዞረ። ከቆርቆሮው ሥር ጡቡን አንድ ገባ አንድ ወጣ እያደረገ እንደ ጥርስ ደረደረው። የግድግዳውን ቀጥ ማለት የሚለካበት ቱንቢ በገመዱ ሲወዛወዝ እኔ በእጄ እንዳረጋጋው ይፈቅድልኝ ነበር፤ ትልቅ ሥራ የተሰጠኝ መስሎኝ ትንፋሼን እይዛለሁ። ቤታችንን ከጎን ካያችሁት ያው ጭቃ ነው። ከፊት ግን! ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ወገቧን ይዛ ቆመችና «እንግዲህ አንቺን ለማየት ቀጠሮ ልናስይዝ ነው በይኛ!» አለቻት እማዬን። እማዬ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

በስድስተኛው ቀን የቀበሌው ተቆጣጣሪ መጣ። ብዙ ቆሞ አየው። መዳፉን ቅስቱ ላይ አሳለፈ።

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ አጎቴ።

«እጅህ ይባረክ። እስከ ዓርብ አፍርሱት። አለዚያ ቤቱ ይታሸጋል።»

እማዬ ተከትላው ሮጠች፤ እግሩ ሥር ወደቀች። «ወረቀቱን እኔ አልጻፍኩት እህቴ» ብሏት ሄደ። ስትመለስ አላለቀሰችም። ደጃፉ ላይ ቆማ ጡቡን ስታየው ቆየችና «ጭቃ እናልብሰው» አለች።

 አጎቴ ዶማውን አነሳ። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቦካን፤ እኔም የትምህርት ቤት ቀሚሴን ሰብስቤ በእግሬ ረገጥኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጨዋታ ነበር። አጎቴ ከቆርቆሮው ሥር ያሉትን የጡብ ጥርሶች በመዶሻ እየመታ አረገፋቸው፤ ጭቃ አይሸፍናቸውማ። ቀጥሎ ዓምዶቹን መረገ። ቅስቱን መጨረሻ ላይ አስቀርቶት ነበር። እሱን ሲመርግ ፊቱን ወደኛ አላዞረም። ሐሙስ ቀን ቤታችን ዳግመኛ የድሃ ቤት መሰለ፤ እግዚአብሔርን አመሰገንን።

ሐሙስ ከሰዓት ዘነበ። ጭቃ እንጨትና ማገር ላይ ይይዛል እንጂ የተጠበሰ ጡብ ላይ እንደማይጸና ከእኛ ሁሉ ይልቅ የሚያውቀው አጎቴ ነበር፤ ቸግሮት ነው እንጂ። ዓርብ ጠዋት ተቆጣጣሪው ሲመጣ ጭቃው ተንሸራትቶ ደጃፉ ላይ ተከምሯል፤ ቅስቱ ታጥቦ፣ ከበፊቱ ቀልቶ ቆሟል።

«እኔን ልታሞኙ?» አለ ሰውየው።

እማዬ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። «ልጅ አለኝ፣ የሙት ልጅ ይዤ የት ልግባ?» ስትል አጎቴ ክንዷን ያዛት። «እትዬ፣ ተነሽ» አላት፤ መዶሻውን አንስቶ ከቅስቱ ጀመረ። የመሃሉ ጡብ ሲወጣ ሌሎቹ ተከታትለው ወረዱ። እኩለ ቀን ሳይሆን ያ ሁሉ ፊት አልቆ ነበር። ቤቱ አልታሸገም።

ባለፈው ሰሞን ቤት የምትገዛ ጓደኛዬን ተከትዬ ለቡ መብራት ኃይል ሄድኩ። አዲሱ አፓርታማ ዓምድ አለው፣ ቅስት አለው፣ ከጣሪያው ሥር የጡብ ጥርስ ተደርድሯል። አሻሻጯ ልጅ «ክላሲክ ነው፣ አሁን ሰው የሚፈልገው ይኼን ነው» አለችን። መዳፌን አስጠጋሁ፤ ጡቡ እንደ ብስኩት የሳሳ፣ ኮንክሪቱ ላይ በማጣበቂያ የተለጠፈ ነው። ቢሆንም ያምራል፤ አልዋሽም። ጡብ ሲታይ አንድ ሰው እዚያ ቆሞ፣ አንድ በአንድ፣ እንዳይወድቅ አስቦ የሠራው ይመስላል። ሰው የሚወድለት ይኼን ይመስለኛል። ጓደኛዬ ፎቶ ስታነሳ እኔ ዞሬ መንገዱን አየሁ። የጡብ ፊት ባየሁ ቁጥር እስከ ዛሬ መጀመሪያ የሚመጣብኝ «ፈቃድ አላቸው?» የሚል ሐሳብ ነው። ከተማው ዛሬ ለሽያጭ የሚያቆመውን ያኔ እኛ በጭቃ ደብቀን እንኳ ማቆየት አልቻልንም።

አጎቴ ታደሰ ያኔ ጡቡ በፈረሰ ማግስት የፊቱን ግድግዳ በእንጨትና በጭቃ ሠራልን። ከዚያ ሻሸመኔ ሄዶ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ፤ ጡብ ዳግመኛ አልያዘም። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ ግን ይመጣና ያንኑ ግድግዳ በጭቃ መርጎልን በነጋታው ይመለስ ነበር፤ ቤቱ ለመንገድ ማስፋፊያ እስከፈረሰበት ዓመት ድረስ።