የዱቄቱ ባለቤት

ጠጄ የተዘጋ ቱቦ ልትከፍት ሰው ቤት ስትገባ ከሰላምታ ቀጥላ የምትጠይቀው አንድ ነገር አላት። የዕቃ ከረጢቷን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ «ምን ጨመራችሁበት?» ትላለች። በምትኖርባት በዓለም ከተማ ይህን በእውነት የሚመልስላት ጥቂት ነው። አብዛኛው «ትንሽ ሙቅ ውሃ ብቻ» ብሎ ፊቱን ያዞራል።

ሥራው የባሏ የአስፋው ነበር። አስፋው በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሕንፃ ላይ ቧንቧ ዘርጊዎችን ሲያግዝ ሙያውን ቀስሞ ተመለሰና ዐሥራ ስምንት ዓመት በዚሁ ኖረ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሰኔ ላይ፣ አቶ ውባየሁ አስጠሩት። አቶ ውባየሁ ግቢያቸው ውስጥ አምስት ተከራይ ያላቸው፣ ከአስፋው ጋር በአንድ ማኅበር ጽዋ የሚጠጡ አዛውንት ናቸው። ተከራዮቹ በጋራ ዕቃ የሚያጥቡበት ገንዳ ተዘግቶ ሽታው ግቢውን ሞልቶት ነበር።

አስፋው ባለ እንጨት እጀታውን ጎማ ቀዳዳው ላይ ደፍቶ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረገው። በሦስተኛው ውሃው ወደ ላይ ፈንድቶ ፊቱን መታው። እንዲያው እድፍ መስሎት በእጅጌው ጠረገና ሥራውን ቀጠለ። ማቃጠሉ ሲብስበት ነው ወደ ሐኪም የሮጡት። ሐኪሙ ውሃው ውስጥ ምን እንደነበረ ጠየቀ፤ የሚያውቅ ጠፋ። ቢያጥቡት ቢያጥቡት አንዱ ዐይኑ አልተረፈም፤ ሌላው ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያል።

የጎዳው ገንዳው ላይ የተጨመረ የቱቦ መክፈቻ ኬሚካል ዱቄት መሆኑን በኋላ ተረዱ። ማን እንደጨመረው ግን ከግቢው ሰው አንድም «እኔ ነኝ» ያለ አልነበረም። አስፋው አቶ ውባየሁን ጠረጠረ። ሰውዬው ሠራተኛ ላለመጥራት ዱቄቱን ሞክረው፣ እምቢ ሲላቸው እኔን አስጠርተው ዝም አሉ ብሎ ደመደመ። በታቦት ቢምሉለትም አልሰማቸውም። ማኅበሩን ጥሎ ወጣ፤ በየደረሰበትም ይህንኑ ተናገረ።

ጠጄ ከረጢቱን ያነሣችው ቤቱ እንዲኖር ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት አስፋው አብሯት እየሄደ፣ ከገንዳው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በቃል ይመራት ነበር። ውሃው ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ስብ ነው፤ ሙቅ ውሃ ይበቃዋል። የፈላ ግን አይሆንም፣ የፕላስቲክ ቱቦ ያጣምማል። ጨርሶ ከቆመ ጎማው ይሞከራል፤ ገንዳው ከላይ ሌላ ቀዳዳ ካለው በእርጥብ ጨርቅ ይወተፋል፣ አለዚያ ግፊቱ በዚያ ያመልጣል። ሰው ሁሉ የሚሮጥለት ሽቦ የቱቦው አፍ ላይ ያለ ፀጉር ያወጣል፤ ጠለቅ ካለ ግን ቆሻሻውን ይወጋዋል እንጂ አይስበውም፣ ቱቦውንም ይጭረዋል። ሞላው፣ ያ እየተሽከረከረ የሚገባው ረጅም ጥምዝ ብረት፣ ሩቅ ይደርሳል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ቆሻሻውን ሲነክስ እጅ ያውቀዋል። ጠጄ ከሁሉ የምታምነው ከገንዳው ሥር ያለውን ቆልማማ ቱቦ ፈትቶ ባልዲ ላይ መገልበጥን ነው። ያስጠይፋል። ቢሆንም የዘጋው ነገር በዐይን ይታያል፤ ከዚያ ሰኔ ወዲህ የማታየውን ነገር ትፈራለች።

ባለፈው ጥር የምሥራች የምትባል የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከመናኸሪያው በላይ የተከራየችው ቤት ድረስ አስጠራቻት። የኩሽናው ገንዳ ከተዘጋ ሳምንት ሆኖታል፤ ልጅቷ ሳህኗን ደጅ በጆግ ውሃ ስታጥብ ነበር የሰነበተችው። ጠጄ የተለመደውን ጠየቀቻት።

«ምንም አልጨመርኩም እትዬ ጠጄ» አለች የምሥራች። «ዱቄት እንደሆነ ከዚያ ወዲህ እጄ ነክቶት አያውቅም።»

ጠጄ ጓንቷን እያጠለቀች ነበር። ግማሽ ድረስ አስገብታ ተወችው።

«ከመቼ ወዲህ?»

የምሥራች ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለችና በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ጠጄም ያኔ አወቀቻት፤ ከአቶ ውባየሁ ተከራዮች አንዷ ነበረች፣ አስፋው ከተጎዳ በወሩ ግቢውን የለቀቀችው።

ነገሩ በእንባ መሀል ወጣ። በዚያን ዕለት ጧት ዱቄቱን ጨምራ ሥራ ገባች። ማታ ስመለስ ተከፍቶ አገኘዋለሁ ብላ እንጂ አከራዩ ሠራተኛ ይጠራሉ ብላ አላሰበችም። ስትመለስ ግቢው በልቅሶ ተሞልቷል። እስር ቤት እገባለሁ ብላ ፈራች፤ ነገ እናገራለሁ ስትል ነገው ሁለት ዓመት ሆነ። ስንት ጊዜ እነ ጠጄ በር ድረስ መጥታ እንደተመለሰች ተናገረች።

ጠጄ ከገንዳው ሥር ገብታ ቱቦውን ለመፍታት ብትታገል ማሰሪያው ሦስት ጊዜ አመለጣት። በመጨረሻ ፈታችው። ባልዲው ላይ የወደቀው የረጋ ስብና የሩዝ ፍርፋሪ ነበር። አጥባ ገጠመችው፣ ውሃ ለቀቀችበት፣ ወረደ። ከበሩ ስትደርስ ብቻ ዞር አለች።

«እኔ አልነግርልሽም። መጥተሽ ራስሽ ንገሪው።»

የምሥራች በማግሥቱ አልመጣችም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣችም። በነዚያ ቀናት ጠጄ ለባሏ ምግብ ስታቀርብ፣ እጁን ስታስታጥብ፣ ብነግረው ይሻላል ትላለች፤ መልሳ ደግሞ ከጥፋቱ ባለቤት አፍ ይስማው ትላለች። ልጅቷን በዝምታዋ ስትረግም ቆይታ፣ እሷም ያንኑ ዝምታ ይዛ መዋሏን ታስባለች።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የምሥራች መጣች። ደጁ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ከነበረው ከአስፋው እግር ሥር ተንበርክካ ሁሉንም ነገረችው። አስፋው እስክትጨርስ አላቋረጣትም። ጠጄ ይጮኻል፣ ምናልባትም ይማታል ብላ አጠገቡ ቆማ ነበር። እሱ ግን የጠየቀው ሌላ ነው።

«ጋሼ ውባየሁስ? ያውቁ ነበር?»

«አያውቁም። ዱቄቱን ስጨምር ማንም አላየኝም።»

አስፋው ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። ለዛሬ ሂጂልኝ አላት። ሌላ ቀን ትምጣ አትምጣ አልተናገረም። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ጠጄ ያቀረበችለትን ራት አልነካም።

በማግሥቱ ጧት ወደ አቶ ውባየሁ ቤት እንድትመራው ጠየቃት። ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጠጄ መጨረሻ ካየቻቸው ጊዜ ይልቅ በጣም ከስተዋል። አስፋው የሆነውን በአጭሩ ተናገረና ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። አቶ ውባየሁ ትከሻውን ይዘው አስቆሙት። አልገፉትም፣ ወደ ራሳቸውም አልሳቡትም።

«ልጆቼ ሳይቀሩ ጠይቀውኛል» አሉ። «‹አባባ፣ እውነቱን ንገረን፣ አንተ ነህ ወይ?› ብለውኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ማኅበር ላይ ጽዋውን ስሰጥ የሚቀበለኝ ሰው መሬት መሬት ነው የሚያየው።»

«አጥፍቻለሁ ጋሼ። ለማኅበርተኛውም ቆሜ እናገራለሁ።»

«ተናገር» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ለእንግዶቹ በርጩማ እንዲቀርብ አደረጉ፤ ጠላም ተቀዳ። ስለ ይቅርታ ግን አንድም ቃል አላነሡም። ስለሚጠበቀው የበልግ ዝናብ ትንሽ አወሩ፣ ስለ ውሃው ፈረቃም ትንሽ አወሩ።

ሲመለሱ አስፋው የሚስቱን ክንድ አጥብቆ ይዞ ቁልቁለቱን ወረደ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሲደርሱ ቆም አለ።

«ስናገር ፊታቸው እንዴት ነበር?»

ጠጄ እንዲያው ልታጽናናው አስባ ተወችው።

«ያላዩህ ነበር የሚመስሉት» አለችው። «ወደ ግቢው ነበር የሚያዩት፤ ወደ ገንዳው በኩል።»

አስፋው ራሱን ነቀነቀ፤ መንገዳቸውንም ቀጠሉ።