ከብርጭቆው የሸሸ ሰም

ታላቂቱ እህት በግራ እጇ ብርጭቆውን፣ በቀኟ የፀጉር ማድረቂያውን ይዛ የሻማውን ፊት በሞቀ አየር ታለሳልሳለች። ክሩ ሥር የነበረው ጉድጓድ ሞላላት፤ ፊቱም ለጥ አለ። ወደ መስኮቱ ዘንበል ስታደርገው ግን ያው የዘወትር ጠላቷ ጎኑ ላይ ቁጭ ብሏል። ሰሙ ከብርጭቆው ሸሽቶ፣ ውሃ የሰረገበት የሚመስል፣ አውራ ጣት የሚያህል ጥላ ሠርቷል።

«ቆይ እኔ ምን በደልኩህ?» አለችው።

ሲለኩሱት እንከኑ ምንም አያደርግም፤ እንደ ሌላው ይበራል። ሰው ግን የሚገዛው በዓይኑ ነው። መንገዱ ጥግ ላይ ያለችው ባለ ሱቅ የመስኮቷን መደርደሪያ ለአንድ ሻማ ሠሪ ብቻ ልትሰጥ ነው። «አንዳንድ ብርጭቆ አምጡልኝና ያማረውን እመርጣለሁ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ እዘጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወፍ የለም» ብላለች። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ተፎካካሪዋም ባዳ አይደለችም፤ የእናቷ ልጅ፣ ታናሽ እህቷ ናት።

ታናሺቱን ሰም ማቅለጥ ያስተማረቻት እሷው ናት። ታናሺቱ ባሏ የሞተባት ሰሞን፣ እጇ ሥራ ይዞ ሐሳቧ እንዲቀልላት ብላ ድስትም ክርም አካፈለቻት። ዓመት ሳይሞላ መንገደኛው ሁሉ «የታናሽሽ ሻማ ሲያምር!» ይላት ጀመር። «እሰይ!» ትላለች በጥርሷ። የሆዷን ግን ሆዷ ያውቀዋል።

በሩ ተንኳኳና ታናሺቱ በፎጣ የጠቀለለችውን ብርጭቆ አቅፋ፣ እያነከሰች ገባች።

«እትዬ፣ እግሬ አብጦ አላራምድ አለኝ። ስትሄጂ የኔንም አድርሺልኝ።»

«ደግሞ ተሸካሚሽ ልሁን?»

«ድሮስ አዝለሽ አይደል ያሳደግሽኝ?»

ታላቂቱ ሳቅ ብላ ፎጣውን ገለጥ አደረገች። ብርጭቆውን ዞር አደረገችው፤ ደግማ አዞረችው። እንከን ፍለጋ ነበር። ሰሙ እንደ ጥፍርና ሥጋ ከብርጭቆው ተጣብቋል።

«ምን አድርገሽበት ነው?» አለች፣ ድምፅዋ እንዳይሻክር እየተጠነቀቀች።

«ምን አደርጋለሁ? ያልሽኝን ነዋ! ‹ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ ትኩስ ሰም አታፍስሺ፤ መጀመሪያ አሙቂው፤ ስትጨርሺ በፎጣ ሸፍነሽ እርሺው› ብለሽኝ የለ? እኔ እዚያው ላይ ቀረሁ። አንቺማ ሠልጥነሽ በማድረቂያ ሆኗል ሥራሽ!»

ቀልዷ ነበር። ተሰናብታ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ወጣች።

ታላቂቱ የእህቷን ብርጭቆ ከፎጣው አውጥታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አቆመችው። እውነት ነው፤ ብላታለች። ታናሺቱ በቀን አሥር ስትሠራ ብታይ እሷ ሃያ ለመሥራት ተጣደፈች። ማሞቁን ተወችው፤ ቶሎ ይርጋልኝ ብላም ትኩሱን ሻማ ነፋስ የሚገባበት መስኮት ላይ መደርደር ጀመረች። የሰው ምስጢር ቢሆን ኖሮ ሰርቃ ትገላገል ነበር። የራሷን ምን ብላ ትስረቅ?

ሰዓቱን አየች። ሱቁ እስኪዘጋ ሦስት ሰዓት ያህል ይቀራል። ድስቱን ጣደች። አዲስ ብርጭቆ በሙቅ ውሃ አሙቃ፣ ጠብታ እንዳይቀርበት አደራርቃ፣ ሰሙን በዝግታ አፈሰሰች። መሸፈኛ ስትፈልግ ዓይኗ የታናሺቱ ፎጣ ላይ አረፈ። አንስታ የራሷን ጠቀለለችበት።

ከዚያ ተቀመጠች። የታናሺቱን አሁን አድርሳ መመለስ ትችላለች፤ ሱቁ ደርሶ መልስ አምስት ደቂቃ ነው። ግን ባለ ሱቋ ያንን ካየች ሌላ ምን ትጠብቃለች? «አብረው ይሂዱ፤ ፍርድም እንደዚያ ነው» አለች ለባዶው ቤት።

የፎጣውን ጫፍ አነሳች፤ ለብ ይላል። መለሰችው። ጥቂት ቆይታ እንደገና አነሳች፤ መሐሉ ገና ለስላሳ ነው። ወደ ሰዓቱ ላለማየት ጀርባዋን ሰጠችው።

ከጥጉ የሱቁ ቆርቆሮ መዝጊያ ተንሸራቶ ሲወርድ ተሰማ።

ፎጣውን ገፈፈችው። ሰሙ ከብርጭቆው አልሸሸም፤ በየትኛውም ጎኑ ጥላ የለበትም። ቀና ስትል ከፊቷ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ አድርሺልኝ የተባለው የታናሺቱ ብርጭቆ ያለ ፎጣው ቆሟል።