ልጓሙን የያዘው እጅ

በዚህ ሳምንት በማስተምርበት የአሰላ ትምህርት ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጠፈ። ተማሪዎች በመምህራን ላይ ከማማረር «ሪፍሬን» እንዲያደርጉ ያዛል። የተለጠፈው አንድ ባልደረባችን ሀዊ የምትባል ተማሪዬን በዱላ መትቶ፣ እሷም ለቢሮ ካመለከተች በኋላ ነው። እጇ እስካሁን እንዳበጠ ነው። ዛሬ ጠዋት እንግሊዝኛ ላስተምር ስገባ የቃሉን ትርጉም የጠየቀችኝ ራሷ ሀዊ ናት።

ማብራራት እወዳለሁ። ልናደርገው ካማረን ነገር ራስን መግታት፣ መታቀብ ማለት ነው አልኳቸው። ከላቲን ተነስቶ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ውስጥ የገባ ቃል ነው፤ መነሻው ልጓም የሚል ስም ነው። ልጓም ስል ግን የአዴ ፋጡማ ባዝራ ትዝ አለችኝ።

ሳጉሬ ከተማ አሥረኛ ክፍል ስማር አዴ ፋጡማ፣ ወይዘሮ ፋጡማ ማለት ነው፣ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል። ማሳቸው ከከተማው በላይ ዳገቱ ላይ ስለሆነ ገብሱን የምታወርድላቸው አንዲት ዳማ ባዝራ ብቻ ነበረች። ኅዳር ላይ ገብሱ ታጭዶ ሊጫን ሲል የሰፈራችን ጎረምሳ ጫላ ለሠርግ አጀብ ባዝራዋን ተዋሰ። በእኛ አገር ሙሽራ በፈረሰኞች ታጅቦ ነው የሚሄደው፤ ለአጀብ ፈረስ የለመነን ጎረቤት መከልከል ነውር ነው።

አመሻሽ ላይ ሲመልሳት አፏ ደም በደም ሆኖ ነበር። ሴቶች እንዲያዩለት በኋላ እግሮቿ ሊያቆማት ልጓሙን ሲጎትት ውሎ ብረቱ ምላሷን ቆርጧታል። ገለባ እንኳ ማኘክ አቃታት። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል፤ ያለጊዜው ዝናብ ከመጣ ያ ሁሉ ገብስ ማሳ ላይ ይበሰብሳል።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጡ። የመጡት ግን ጫላ ዘንድ ሳይሆን አዴ ፋጡማ ዘንድ ነው። ልጅ ነው፣ ይታገሡ፣ ለእንስሳ ብለው ጎረቤት አያስቀይሙ አሏቸው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። የተጎዱት እሳቸው፣ ዝም ይበሉ የሚባሉትም እሳቸው!

በማግስቱ አዴ ፋጡማ ሲንቄያቸውን ይዘው ወጡ። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው፤ መምቻ አይደለም። የተበደለች ሴት ይዛው ስትወጣ የሰማች ሁሉ የራሷን ይዛ ትከተላታለች፤ እነሱን ጥሶ የሚያልፍ ወንድ የለም። ሴቶቹ ተከትለዋቸው ጫላ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። የዚያን ቀን እሳት ያነደደች፣ ላም ያለበች ሴት አልነበረችም። እናቴ ከሌላ አገር የመጣች ጴንጤ ስለሆነች ሲንቄ የላትም፤ እሷም በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በሳህን ሞልታ፣ እኔን አስከትላ መካከላቸው ተቀመጠች። የቅቤው ሽታ ብርዱን አስረሳን።

ጫላ በሠርጉ ቀን አባቱ አጅበው የዋሉበትን ፈረስ እየጋለበ መጣ። ሲያየን ቆመ።

«ፈረስ እኮ ናት፣ አዴ። ካልገታኋት ትጥለኛለች» አለ።

«እሷንስ ገታሃት» አሉ አዴ ፋጡማ ቁጭ እንዳሉ። «አንተን ማን ይግታህ?»

ከኋላ አንዷ ሙሽራው እንኳ እንዳንተ አልዘለለም ስትለው ሁሉም ሳቁ። ጫላ ጆሮው ቀልቶ ከፈረሱ ወረደ። የባዝራዋ አፍ እስኪድን ድረስ ገብሱን በአባቱ ፈረስ ሲያወርድ ከረመ፤ ዳገቱን ራሱ በእግሩ ነበር የሚወጣው። ዝናቡ ሳይደርስ ገብሱ ቤት ገባ።

ተማሪዎቼ እስክቀጥል ይጠብቁኝ ነበር። ቃሉ የመጣው ከልጓም ነው፤ ማስታወቂያ የሚለጠፈው ግን ሁልጊዜ ለቆሰለው አፍ ነው፣ ልጓሙን ለያዘው እጅ ሲለጠፍ አይቼ አላውቅም። ለሀዊ ምሳሌ የሚሆን ዓረፍተ ነገር በጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልልቁ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት፦ መምህራን ተማሪን ከመምታት ይታቀቡ።

ደወል ተደወለ። ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ የዚያ ባልደረባዬ ነው። ሥርዓት ስለምወድ ሰሌዳ ሳላጠፋ ከክፍል ወጥቼ አላውቅም። ዛሬ ግን ዳስተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።