«ቦታህ!» ባይዋ መምህራችን

መምህራችንን ፊት ለፊት «እትዬ» እንላታለን፤ ከጀርባዋ «ቦታህ»። መቆሚያውን የሳተ ሰው ባየች ቁጥር «ቦታህ!» ብላ ጠረጴዛውን በቡጢ ስለምትነርተው ነው። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፤ የቀድሞ ባሏ ሆን ብሎ በር ዘግቶባቸዋል። እሷም በበርጩማ መንጋጋውን አውልቃለት ወጣች። ይህን ስታወራ የጎረቤት ወሬ የምትነግረን ነው የሚመስለው።

እንግሊዝኛ የምታስተምረን ከብየዳ ቤት ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ባለልኳንዳው፣ ልብስ ሰፊዋና ኤሌክትሪክ ሠራተኛውም አብረውኝ ይማራሉ። መጽሐፍ ብሎ ነገር የለም። ደረታችን ላይ ቃል የተጻፈበት ካርቶን አንጠልጥለን እንሰለፋለን፤ ዓረፍተ ነገሩ እኛው ነን። ገላጭ ቃል የደረሰው ሰው ከሚገልጸው ሰው ጎን ካልቆመ ወዮለት።

«በእንግሊዝኛ ገላጭ ከጌታው ከራቀ፣ ያገኘው ላይ ይለጠፋል» ትላለች።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ «ሰውዬው» ነበርኩ፤ ልብስ ሰፊዋ «ሴትዮዋ»፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መሃላችን «መታ»። ባለልኳንዳው «ዊዝ ኤ ስቲክ»፣ ማለትም «ዱላ የያዘ» የሚለውን ካርቶን አንጠልጥሎ መጥቶ እኔ አጠገብ ተገተረ።

«ዱላውን የያዘው ማን ነው ብዬሃለሁ?» አለችው።

«ሴትዮዋ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ቦታህ! ከእሷ ጎን ቁም፤ መሃላችሁ ማንም አይግባ።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፤ ስትስቅ የተሰነጠቀ ከንፈሯ ደማ። ባሏ «ትምህርቱን ካልተውሽ እገልሻለሁ» ካላት ሰንብቷል። ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ባለልኳንዳው ጎኗ እንደቆመ በሩ በእርግጫ ተበረገደና ባሏ ገባ። የእሱ ዱላ የካርቶን አይደለም፤ የብረት ዘንግ ነው። የመጀመሪያው ምት ክንዷ ላይ አረፈ፤ አጥንቷ ሲሰበር ሰማሁት። በሬ የሚጥለው ባለልኳንዳችን እግሬ አውጪኝ አለ።

እትዬ ጠረጴዛውን ገፍትራ እሱ የለቀቀው ቦታ ላይ ገባች። ሁለተኛው ምት የተሰነዘረው ለልብስ ሰፊዋ አናት ነበር፤ የመምህራችንን አናት አገኘ። አልወደቀችም። ደሟ ዓይኗን እየሸፈነው የባልየውን ጉሮሮ አነቀች፤ ጥርሷን ጆሮው ላይ ተከለች። እኔ ወንበር ጀርባው ላይ ሰበርኩበት፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ብረቱን ነጠቀው። ፖሊስ መጥቶ ሲወስደው ግማሽ ጆሮው መሬት ላይ ቀርቶ ነበር። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

እትዬ ከሞት ተረፈች፤ ምላሷ ግን ታሰረ። ሐኪሙ ንግግሯ አይመለስም አለ። የዚያች ሴት ዝም ማለት ከደሟ ይበልጥ አስለቀሰኝ።

ሆስፒታል ልንጠይቃት በሄድንበት ቀን ባለልኳንዳው መጥቶ በሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«ፈራሁ» አለ። «ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ልብስ ሰፊዋ ክንዷ በጀሶ ታስሮ ከአልጋው ማዶ ቆማለች።

«ውጣልን» አለችው። «ያ ሰው አንድ ቀን ከእስር ይፈታል። ያኔ ማን ሊቆምልኝ ነው? አንተ?»

እትዬ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው ማቃሰት ብቻ ነው። ቀኝ እጇን ጨብጣ ኮመዲኖውን ነረተችው፤ ብርጭቆው ወድቆ ተሰበረ። ከዚያ እነዚያን የማይታጠፉ ጣቶቿን ከልብስ ሰፊዋ ጎን ወዳለው ባዶ ቦታ ቀሰረች።

ባለልኳንዳው ስብርባሪውን እየረገጠ ሄዶ እዚያ ቆመ። ነርሷ የጥየቃ ሰዓት አልቋል ብትልም አልተነቃነቀም።