ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው ስልኬ

ስልክ ቁጥሬን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ ያገኘሁት ጨውና ሽንኩርቴን ልዘረጋ ስመጣ ነው። ትምህርቴን ሦስተኛ ክፍል ላይ ባቆምም የራሴ ቁጥር አይጠፋኝም። «ከመምጣትዎ በፊት ወፍጮው መሥራቱን ደውለው ይጠይቁ» ይላል።

የለጠፈችው ልጄ ናት። ደብረ ታቦር ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ብታጣ አንድ ሐሳብ ይዛ መጣች። መብራት በጠፋ ቁጥር ሴቶች እህላቸውን በአህያ ጭነው ንፋስ መውጫ ከተማ ድረስ መጥተው ሳያስፈጩ ይመለሳሉ፤ እንግዲህ ወፍጮው መሥራት አለመሥራቱን በስልክ የሚናገር አፕ እናሠራ አለች። ሐሳቡስ ደግ ነበር። ለሠሪው የሚከፈለው ግን ጊደሬ ተሸጣ ነው። ልትወልድ የተቃረበችው ጊደሬ! የታናናሾቿን ወተት ተስፋ የጣልሁባት! እንቅልፍ አጣሁ።

«መጀመሪያ ሰው ይፈልገው እንደሆነ እይ» አልኋት።

«እሽ እማየ፣ ሳንሸጥ እንሞክረዋለን» አለች። መሞከሪያዋ እኔ መሆኔን በምን ልወቅ?

«አንች ልጅ፣ ቁጥሬን ለአገር ሁሉ?»

«ወፍጮው በር ላይ አይደል የምትውይ? ሲደወል ቀና ብለሽ አይተሽ ይሠራል፣ አይሠራም ማለት ነው። አፑ የሚሠራውን ለጊዜው አንች ትሠሪዋለሽ። ሰው ካልደወለ ጊደርሽ ተረፈች።»

ወልጄ አሳድጌ ማሽን ሆንሁ!

ስልኩም አላረፈ። ሽንኩርት ስመዝን ይጠራል፤ መልስ ስሰጥ ይጠራል። አንዱ «ማን ልበል?» ቢለኝ፣ ተናድጄ «ወፍጮው ነኝ!» አልሁት።

«እንግዲያ ወፍጮ ሆይ፣ አልመሽ ፍጭልኝ» ብሎ ሳቀብኝ። ሌላው መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ይመስል ይቆጣኛል። ቅዳሴ መሐል ሳይቀር ጠርቶ አሳፈረኝ። ልጄ ግን ደስ ብሏት «አየሽ፣ ይፈልጉታል!» ትላለች። ጊደሬ መሄዷ ነው!

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሳለ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ ገብስ የጫነች አህያ እየነዳች ደረሰች። ከሩቅ እንደመጣች ከንፈሯ ይናገራል፤ ነፋሱ አድርቆታል። ንዴቴ ሁሉ በእሷ ላይ ወጣ።

«ምነው እቴ፣ አገሩ ሁሉ ሲደውልብኝ እየዋለ አንች አትደውይም?»

«በምኔ ልደውል? ስልኩ ያለው ባሌ ኪስ ነው።»

«እሱስ ደውሎ አይነግርሽም?»

«እሱ ምን ቸግሮት? አህያ አይነዳ፣ ልጅ አያዝል!» አለችና ጭነቷን ተደግፋ ተቀመጠች። «የዱሮው የናፍጣ ወፍጮ ይሻለን ነበር። ቱክ ቱክ ሲል ከጋራው ማዶ ሰምተን ነበር የምንነሣ። ይኸ የመብራቱ ድምፅ የለው።»

እስከዚያ ቀን የደወሉልኝን ድምፆች መለስ ብዬ አሰብኋቸው። ሁሉም የወንድ ነበሩ፤ ጆንያቸውን በባጃጅ የሚልኩ የከተማ ሰዎች። ልጄ አጠገቤ ቆማ ትሰማ ነበር።

«ሰማሽ? ጊደሬን ሸጠሽ ባጃጅ ለሚጠራ ሰው ልትሠሪለት ነበር! ይችንስ ማን ይንገራት?» ብዬ ጮህሁባት። ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ልጄ ወረቀቱን ከበሩ ገነጠለችና የሴትዮዋን ጭነት ልታራግፍ ሄደች።

በማግሥቱ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ቀይ ነገር ሲውለበለብ አየሁ። ወፍጮው ሲሠራ በገመድ ይወጣል፣ መብራት ሲጠፋ ይወርዳል፤ ማዶ ካለው ጋራም ይታያል አለችኝ ልጄ። ቀረብ ብዬ ባየው የራሴ ቀሚስ ነው፤ ለበዓል የማስቀምጠው! እሱንም ሳትጠይቀኝ!

ተቆጣኋት፤ ዛሬም እቆጣታለሁ። ጫፉን ነፋስ ጨርሶታል። ጊደሬ ግን ወልዳ ላም ሆናለች፤ ጠዋት ጠዋት አልቤ ስነሣ፣ ከበረቱ ደጃፍ ቀና ብዬ ቀሚሴ መውጣቱን አያለሁ።